ማክሰኞ ላይ የፈሰሰ ዘይት

እናትየው የዘይቱን ጠርሙስ ማክሰኞ ላይ ዘቅዝቃ ሳለች እጅ ከፍንጅ ተያዘች።

ማክሰኞ ክዳኑ ላይ ስሙ የተጻፈበት የምሳ ዕቃ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስቱም ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አጠገባቸው የግራም ሚዛን፣ በድስት የተቀቀለ ምስር፣ የተከተፈ ጎመን፣ ገና ያልተላጠ አንድ ሳህን ድንች አለ። ልጅቱ የእሑድ ከሰዓትን ለዚህ ሥራ መስጠት ከጀመረች ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። የሳምንቱን ምግብ አስቀድማ ትጽፋለች፣ ትመዝናለች፣ ትሞላለች፤ ከዚያ ውጭ የሚቀርብላትን ነገር ዓይኗ አያይም። ዛሬ አንዲት ደንበኛ ደውላላት በረንዳ ላይ አናግራት ስትመለስ ያየችው እንግዲህ ይህን ነው።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

እናትየው ጠርሙሱን ቀና አደረገችው እንጂ አላስቀመጠችውም። ምስሩ ደርቆ ስላሳዘናት ጠብታ ጣል ማድረጓ እንደሆነ፣ ያለ ዘይት የሚበላ ነገር ጉሮሮ እንደሚቧጥጥ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ ተናገረች። ልጅቱ ሰኞን ከፈተችና ምስሩን በማንኪያ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ ዘይት አቁሯል። ሰሞኑን ምሳዋ እንዲያ ሲጣፍጣት ርሃብ ያመጣው መስሏት ነበር።

ሙያዋ ልብስ ሰፊነት ነው። የሰው ወገብ ሜትር ሳትዘረጋ በዓይኗ ትለካለች፤ የራሷ ወገብ ግን ግራ አጋብቷት ከርሟል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አራት ኪሎ ቀንሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ፍንክች አላለም። ቁርሷን አሳነሰች፣ ከስፌት ቤቱ እስከ ቤቷ በእግሯ ተመላለሰች፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ክብደቷን የምትከታተለው የምግብ ባለሙያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ተደብቃ የምትበላው ነገር ይኖር እንደሆነ ስትጠይቃት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እቤቷ ገብታ አልቅሳለች።

ቁንጅና አምሯት አይደለም። ታናሽ ወንድሟን ኩላሊቶቹ ከድተውታል። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ መለሎ ሆኖ፣ እናቱ ዘንድ ዛሬም "ትንሹ" ነው። ቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ይውላል፣ መሰላል መውጣት ቀርቶ ደረጃ መውጣት ያደክመዋል። እናትየው ከሁሉ ቀድማ የኔን ውሰዱለት ብላ ነበር፣ ስኳር አለብሽ ብለው መለሷት። የእህቱ ተስማማ። ሐኪሙ ግን በዚህ ክብደት ቢላ አላሳርፍብሽም፣ ስምንት ኪሎ ቀንሺና ቀን እንቆርጣለን አላት። የቀረው አራት ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ልጅቱ።

"መክሳትሽ መታየት ከጀመረ።"

ልጅቱ ስትናደድ ድምጿ ይቀጥናል። አሁንም ቀጠነ። "እሱ እኮ እየሞተ ነው፣ እማዬ። አንቺ ደግሞ ቀኑን እያራቅሽበት ነው።"

እናትየው ጠርሙሱን እንደያዘች ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"አላውቅም መሰለሽ? እሱ እጥበት በዋለ ቀን ውሃ እንኳ ጉሮሮዬን አይወርድም። ግን አንዱ ታሞብኛል። ያለችኝን ጤነኛ ደግሞ በገዛ እጄ አልጋ ላይ አውጥቼ፣ አንድ ነገር ብትሆኚብኝ፣ ከሁለት ያጣሁ ልሁን? ቀሚስሽ በሰፋሽ ቁጥር ቀኑ ሲቀርብ ይታየኛል፣ እጄ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል። እምቢ እንዳልልሽ እሱም ልጄ ነው።"

ልጅቱ እናቷን አየቻት። በእነዚህ ወራት ወንድሟን የሚጠይቅ መዓት ሰው መጥቷል፣ እሷንም ጀግና ነሽ ያላት ብዙ ነው። ይህችን ሴት ግን አንቺስ እንዴት ነሽ ያላት ሰው ትዝ አላላትም፤ ራሷም አላለቻትም። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠችና ጠርሙሱን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው።

ከዚያ እናትየው ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና፣ የሚያወጡት ነገር ስንት እንደሚመዝን ጠየቀች። ልጅቱ ሐኪሙን ጠይቃው ስለነበር መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ ነው አለቻት።

ግራም ለእናትየው እስከ ዛሬ የልጇ ጣጣ እንጂ የእሷ አልነበረም። አሁን ሚዛኑን ወደ ራሷ ሳበችና አንድ ድንች አስቀመጠችበት። ሁለት መቶ አሥር። አነሳችው። ሌላ ሞከረች፣ መቶ ሰማንያ። ሳህኑን አገላብጣ ከሥር አንዲት ክብ ድንች አወጣች። መቶ አርባ ስምንት።

"በቃ? ይህቺው ናት?"

"ይህቺው ናት።"

"እኔ እኮ ግማሽሽን የሚወስዱብኝ ነው የመሰለኝ።"

ድንቿን መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ አደረገቻት፣ አገላበጠቻት፣ አፈሯን በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ቀጥላ በቀኝ እጇ ማክሰኞን አንስታ ባዶ ሳህን ላይ ገለበጠችው፤ ሰኞንም እንዲሁ። ምስሩ ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቀች። ሁለት መቶ፣ አለቻት ልጅቱ። እናትየው ማንኪያውን አነሳችና ቁጥሩን እያየች፣ ሲያልፍ እየቀነሰች፣ ሲጎድል እየጨመረች ትሞላ ጀመር። ግራ እጇ ግን ድንቿን እንደጨበጠ ነው፤ ልጅቱም አስቀምጪያት አላለቻትም።