ሞተሩ እስኪነሳ

በጃንሆይ ዘመን በንፋስ መውጫ ሞተር ቢስክሌት መጠገን የሚያውቅ ዳኛቸው ብቻ ነበር። ሙያውን የተማረው አሥመራ፣ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው። የሲማዳ ተወላጅ ቢሆንም አገሩን ከለቀቀ ወዲህ ወደዚያ ወርዶ አያውቅም። ሲጠይቁት «ሥራው መች ይለቀኛል» ይላል።

ያን ቅዳሜ ከተማው በወሬ ተነሣ። ትናንት አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ አንድ ሰው በድንበር ጠብ ባላንጣውን በጥይት ገድሎ ተሰውሯል። ወደዚህ ወደ ላይ ጋይንት ወጥቷል አሉ። ወጣት ነው አሉ። ከዚያ ያለፈ የሚያውቅ የለም።

ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት አሮጌ ሞተር እየገፋ ከአርብ ገበያው መንገድ ብቅ አለ። ላብ አጥምቆታል። ከመቀመጫው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ጠመንጃ አስሯል።

«ጋሽ ዳኛቸው የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ሆነብህ?»

«ዳገቱ ላይ ድንገት ጸጥ አለ። ብረግጠው ብረግጠው እምቢ አለኝ።»

«ከማን ገዛኸው?»

«ከጎንደር። በፊት የማን እንደነበር አላውቅም።»

ዳኛቸው ሞተሩን ዞሮ አየው። «መቀመጫውን ልፈታው ነው፤ ጠመንጃህን አንሳ።»

ወጣቱ ጠመንጃውን ፈታና ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ጀርባውን ለጭቃው ግድግዳ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጠ።

ዳኛቸው ይህን አየ። ሰው የገደለ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ጀርባውን ለመንገድ አይሰጥም።

ሥራውን ቀጠለ። ካንዴላውን ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠጋና መርገጫውን መታ። ብልጭታ የለም። ባትሪውን በትንሽ አምፑል ፈተነ፤ አምፑሉ ቦግ አለ። እንግዲያው ችግሩ በመካከል፣ ከሽቦው ላይ ነው። ሽቦውን ግን ከዚህ በፊት የነካካው ሰው ቀዩን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቢጫው ቀጣጥሎ የወፍ ጎጆ አስመስሎታል።

«ይቆያል?» አለ ወጣቱ።

«አንድ በአንድ መከታተል አለብኝ።»

«ከተነሳ በኋላስ መንገድ ላይ አይጠፋብኝም?»

«ወዴት ነህ?»

«ወደ እስቴ። ሳላርፍ ነው የምሄደው።»

ዳኛቸው አንዱን ሽቦ በጣቶቹ መካከል እያጠፈ ሲሄድ፣ ከነዳጁ ጋን ሥር ሲደርስ ልፍስፍስ አለበት። ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ተበጥሷል። በሽታው ይኸው ነው። ልጦ፣ አያይዞ፣ በናስትሮ መጠቅለል ብቻ ይቀራል።

ሽቦውን ለቀቀና ሌላ ያዘ።

«ላቀች!» ሲል ሚስቱን ጠራ። «እስቲ አስር አለቃ ደምሌ ዘንድ ሂጂና ትልቁን ፒንሳ አምጪልኝ።»

ትልቁ ፒንሳ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ላቀች ፒንሳውን አየች፤ ባሏን አየች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ወጣቱ በዓይኑ ሸኛት። «አስር አለቃ? ፖሊስ ነው?»

«ጎረቤት ነው። ዕቃ እንዋዋሳለን።»

ከሜዳው በኩል የጫነ አህያ የሚነዱ ሰዎች አለፉ። ወጣቱ እስኪርቁ ድረስ ተመለከታቸው። ከዚያ ተነሥቶ ከዳኛቸው ራስ በላይ ቆመ።

«ይህን ሽቦ ቅድም አይተውታል።»

«ደግሞ ማየቱ አይከፋም።»

«ጋሽ ዳኛቸው፣ የተበላሸውን አላገኙትም?»

ዳኛቸው የያዘው ካቻቢቴ አምልጦት ወደቀ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አነሣና አቀበለው። ጠመንጃው በሌላው እጁ ነበር።

አስር አለቃ ደምሌ ከአንድ ፖሊስ ጋር የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

«ጠመንጃህን አስቀምጥ!»

ወጣቱ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ደምሌ አነሣውና አፈሙዙን አሸተተ። ባሩድ አይሸትም። የመሣሪያ ፈቃዱን ጠየቀ፤ ወጣቱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ደምሌ አገላብጦ አየና መለሰለት። ጠመንጃውንም አስረከበው።

«የአርብ ገበያው ገዳይ ዛሬ ማለዳ በቄሶች ምልጃ እጁን ሰጥቷል» አለ ወደ ዳኛቸው ዞሮ። «አሁን በሬዲዮ ነገሩን። ብነግራት ሚስትህ አላምን ብትል ጊዜ መጣሁ። ፈርታ እኔ ቤት ተቀምጣለች።»

ፖሊሶቹ ሄዱ። ዳኛቸው ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ። ሰው የገደልክ መስሎኝ ነው።»

«ሰው ገድዬ አላውቅም።»

«የተበላሸውን ካገኘሁት ቆይቻለሁ። ሆን ብዬ ነው ያቆየሁህ።»

«ገብቶኛል። ግድ የለም፣ ይጨርሱት።»

ዳኛቸው የተበጠሰውን ሽቦ ልጦ አያያዘ፤ በናስትሮ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለው። ካንዴላውን መለሰ። መቀመጫውን አሰረ። አንድ ጊዜ ረገጠው፤ አልነሳም። እንደገና ሲረግጠው አሮጌው ሞተር አጓራና ግቢውን በጭስ ሞላው። ጎረቤት ያለ ውሻ ጮኸ። ዳኛቸው ደረቱ ቀለል ብሎት ሳቀ።

«በል፣ እንዳታጠፋው» አለ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ፤ «እንዲሁ እንደተነሳ እስቴ ግባበት!»

«አላጠፋውም» አለ ወጣቱ፤ «እኔ እርስዎ ሲማዳ ላይ የገደሉት የፈንታ ልጅ ነኝ።»