የአርባው ቀን ቴምብር

ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከአሮጌ ሙጫው በለብታ ውሃ አስለቅቀው ያደረቁትን የሟች ወዳጃቸውን ቴምብር በወረንጦ ያዙ። መልሰው የሟቹ የቴምብር አልበም ላይ ሊለጥፉት፣ ሙጫ ያለበትን ብጣሽ ማያያዣ ወረቀት በምራቃቸው ለማርጠብ ወደ አፋቸው አስጠጉ።

የሟቹ ሚስት አዛለች እጃቸውን ያዘች። "አባ፣ ምን ነካዎት? ከሰዓት የባሌን አርባ የሚቀድሱት እርስዎ አይደሉ? ሙጫ ቀምሰው እንዴት ቤተ መቅደስ ይገባሉ?"

ቄሱ ደነገጡ። "ለቴምብሩ ስል ቅዳሴውን ላስቀርበት ነበር። በይ አንቺ በጣትሽ አርጥቢው።"

"እኔ? ባሌ 'እጅሽ ይቀደዋል' እያለ አልበሙን ሲያሸሽብኝ አይደል የኖረው?"

"ግድ የለሽም፣ ልጄ።"

ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ወረቀቱን አረጠበች፤ ትንፋሿን ውጣ ቴምብሩን ለጠፈችው። ትንሽ ተንጋዶ ያዘ። ቄሱ አዩት፤ አላቀኑትም።