የሀብተ ጊዮርጊስ ግንብ

ጎረቤቴ ሀብተ ጊዮርጊስ ያለ ፈቃድ የጀመረው ግንብ ከወርቃ መንደር አምጥቼ ከተከልኋቸው እንሰቶች ሁለቱን ሲውጥ፣ ማዘጋጃ ቤት አመለከትሁ። «ነገ ይመለሱ» አለኝ ጸሐፊው ወንድይፍራው። ሦስት ዓመት ተመላለስሁ፤ ያ ነገ አልመጣም።

አምና ሀብተ ጊዮርጊስ ሞተ፤ ቀብረነው ተመለስን። ግንቡ ግን በየሳምንቱ አንድ እንሰት እየወሰደ ወደ ቤቴ ይጠጋል። አንድም ግንበኛ አይቼ አላውቅም።

«እሜቴ፣ ተከሳሹ ስለሞተ ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ ወንድይፍራው፣ ቀና ሳይል።

«ታዲያ የሚገነባው ማነው?»

«እሱን በማመልከቻ ያቅርቡ።»

ትናንት አቀረብሁ። ማኅተሙን እፍ ብሎ ማመልከቻዬ ላይ አሳረፈው።

ዛሬ ጠዋት መልስ ልጠይቅ ስወጣ፣ በሬን ወደ ውስጥ ብስበው ደጅ የለም፤ ግንብ ነው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፤ መሐሉ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ክብ ማኅተም አርፎበታል።