ምስማር ላይ የቀረው ቀበቶ

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንአልሞሽ ባሏን ከአረቄ ቤት ስትጎትት ኖራለች። አሁን ደግሞ እግዚአብሔር ሊወስድባት ነው። ለእሱም ቢሆን ዝም ብላ አትለቅም።

ዋለ ከጥምቀት ወዲህ መለኪያ አልጨበጠም። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራቸው ይህን ያመነ አልነበረም። ሰክሮ ያልተሳደበው ሰው፣ ያልነቀነቀው አጥር የት አለ? የገዛ ወንድሟ ምንተስኖት እንኳ ባለፈው ኅዳር «አንተ ሰካራም!» ብሎ ከማኅበር መሃል በክንዱ ጎትቶ አስወጥቶታል። ያ ሰው ነው እንግዲህ ንስሐ ገብቶ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾሞ፣ ጎህ ሲቀድ የሚሰግደው።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ኋላ ነገሩ አላማራትም።

ሰኔ እንደገባ ዋለ የቤቱን ክዳን አደሰ። የጎተራውን ቀዳዳ ደፈነ። ለዓመት የሚበቃ ማገዶ ፈልጦ ከመረ። ከዚያ ስለ በሬዎቹ ጠባይ ያስረዳት ጀመር።

«ዳልቻው ወደ ግራ ይስባል። የሚያርስልሽ ሰው ይወቀው።»

«አንተ የት ሄደህ ነው ሌላ ሰው የሚያርስልኝ?»

ዋለ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ማገዶው ሄደ።

ይባስ ብሎ የራሳቸው መሬት ጦሙን እያደረ የቃሲምን ማሳ አርሶ መጣ። ቃሲም ማለት የምንተስኖትን የማሽላ ክምር በታኅሣሥ አቃጥለሃል ተብሎ የታሰረው ጎረቤታቸው ነው። ሁለቱ በመስኖ ውሃ ተጣልተው ስለነበር አገሩ ሁሉ ጣቱን ወደ እሱ ቀስሯል፤ ማንአልሞሽም ጭምር።

«የወንድሜን እህል ላነደደ ሰው ታርሳለህ?»

«ልጆቹ ምን ይብሉ?» አለ ዋለ።

በማግስቱ የቃሲምን ሚስት ረቢአን አጥሯ ሥር አገኘቻት።

«ወላሂ እኔ አልጠራሁትም፣ እቴ ማንአልሞሽ» አለች ረቢአ። «ገለቶሚ ብዬ ሳመሰግነው እንኳ ፊቴን አያይም። አቀርቅሮ ያርሳል፣ አቀርቅሮ ይሄዳል።»

ማንአልሞሽ ያኔ ገባት። ቤት ማሰናዳት፣ ለሰው መልፋት፣ ቀና ብሎ ሴት አለማየት! ይኼ ሰውዬ ሊመንን ነው። ጥሏት ገዳም ሊገባ ነው።

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ንስሐ አባቱ ገሰገሰች።

«አባ፣ ባሌን ገዳም ሊልኩብኝ ነው?»

«ኧረ ልጄ! እኔ ገዳም ሂድ አላልኩትም።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ። «እሱ የነገረኝ በእኔና በእግዚአብሔር መሃል ነው። ራሱን ጠይቂው።»

«እንግዲያስ ይስሙኝ! ሲሰክር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲሆን እግዜር ይውሰደው? እኔን በቆብ የሚለውጥ ወንድ አልተወለደም!»

«ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ፣ ለቅሶ ቤት ያለች ይመስል።

ሐሙስ ጠዋት ዋለ ራሱን ተላጭቶ ቆያት። ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አዝሏል። በፌስታል የላስቲክ ሳህን፣ ኩባያና ሳሙና ይዟል። ባለ ማሰሪያ ጫማውን ትቶ ሸበጥ አድርጓል። «ይቅር በይኝ» ብሎ ጉልበቷን ስሞ ወጣ።

ቀበቶው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ማንአልሞሽ መንጭቃ አወረደችውና ተከተለችው።

«ቀበቶህን! ሱሪህ መንገድ ላይ ወርዶ ልታዋርደኝ ነው?»

«እዚያ አያስገቡትም፣ ማኔ።»

«ሂድ ወዲያ! መነኩሴ እንኳ ወገቡን ይታጠቃል!»

ዋለ መንገዱን ቀጠለ። እሷም አልተመለሰችም። መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ቀድማው ሮጣ በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ ቆመች። ረዳቶቹ «ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው!» ይላሉ። የባጃጅ ሾፌሮች አንገታቸውን አስግገው ያይዋታል።

«እኔን ረግጠህ ካልሆነ መኪና አትሳፈርም!» አለች።

ዋለ መኪኖቹን ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። አስፋልቱን ተሻግሮ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«አሸነፍኩት!» አለች በሆዷ። ቀበቶውን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ እየሳቀች ከኋላው ደረሰች። ዋለ አንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆሟል። ገዳም አይደለም፤ ደብርም አይደለም። ጠመንጃ ያነገተ ፖሊስ ነው ያለው። እፎይ አለች።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለ ፖሊሱ።

ዋለ የተጠቀለለውን ብርድ ልብስ ከጀርባው አወረደ።

«ቃሲምን ፍቱት። ክምሩን ያነደድኩት እኔ ነኝ።»