የምጥ ተካፋይ

ሕመም ለሁለት መከፈል ከጀመረ ወዲህ የደብረ ብርሃን አምቡላንስ ያለ በጎ ፈቃደኛ አይወጣም። ፀጉር አስተካካዩ ዘለቀ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ነው፤ ሕመም የሚያካፍለውን አምባር እጁ ላይ ያስርና የተጎጂውን ሕመም ግማሹን ይቀበላል። ስንት ስብራት፣ ስንት ቃጠሎ ችሏል።

የዛሬዋ ግን ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረች።

«አቅሟ አልቋል፤ ካልተጋራሃት መንገድ ላይ ትደክምብናለች» አለችው አዋላጇ።

«እኔ? ወንዱ?»

«አምባሩ ወንድ ሴት አይልም!»

አሰረው። ምጡ ሲመጣ «እማዬ፣ ድረሽልኝ!» ብሎ ጮኸ። ወላዷ ላብ እንዳጠመቃት ሳቀች። «አይዞህ ወንድሜ፣ ያልፋል» አለችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች።

የተካፈለው ሕመም ዘለቀን እስኪለቀው ቀኑ ይመሻል። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ብርነሽ እንደ ቅዳሜ ልማዷ ፍራሹን መሬት አውርዳ ጠበቀችው፤ አልጋ ላይ መውጣት እንደማይችል ታውቃለች።

«ዛሬስ የቱ ጋ ነው?»

ሲነግራት በሳቅ ፈረሰች። እሱ ግን ጓሮ የሚንጫጩትን ሦስት ልጆቻቸውን ያዳምጥ ነበር።

«እኔ ግማሹን ነው የቻልኩት» አላት በመጨረሻ። «አንቺ ሦስቴም ሙሉውን?»

«ሙሉውን። የመጨረሻዋን ስወልድ አንተ ሱቅህ ፀጉር ትቆርጥ ነበር።»

ዘለቀ እጇን ይዞ ግንባሩ ላይ አስደገፈው፤ እሷም ሳቋን አቆመች።