የኮንዶሚኒየሙ ቁጠባ

ለኮንዶሚኒየም ስድስት ዓመት የቆጠበውን ብር ከባንክ አውጥቶ፣ ሚስቱ በስልኳ ስትበደር የቆየችውን ዕዳ ከነወለዱ ከፈለ። ቁጠባውን በማፍረሱም ከቤቱ ዕጣ ተሰረዘ።

ቤት ሲገባ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«አልቆጣሽም፣ ጥሩወርቅ» አላት። «ግን እኔ አንድ ጫማ ሳልቀይር ስቆጥብ፣ አንቺ በዚህ ሁሉ ብር ምን ገዛሽበት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ቁርስህን» አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ። «ምሳህን። ዘይት። የልጆቹን ደብተር።»

«የአስቤዛ እሰጥሽ የለም እንዴ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሦስት ሺህ ብር። ጨምርልኝ ባልኩህ ቁጥር፣ ‹ቤታችን እስኪደርሰን ቻይው› ትለኝ ነበር። እየተበደርኩ ቻልኩት።»