ስድስት ነጥብ

ሚልክያስ ሐሙስ ዕለት የሚስቱን ክሬዲት ካርድ እስከ ሊሚቱ ድረስ ተጠቀመበት። ቅዳሜ ጠዋት ኢሜይል መጣ። «የኢየሩስ ክሬዲት ስኮር በስድስት ነጥብ ወርዷል» ይላል፤ ለብድር ያላት ታማኝነት የሚለካበት ነጥብ።

ሳን ሆዜ ባለው ቤታቸው ወረቀት የሚይዘው እሱ ነው፤ ታክሱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የሁለቱንም ካርድ። ኢየሩስ የምትሠራው ኦክላንድ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። ሰሞኑን ሺፍት ስለበዛባት ቤት የምትመጣው ለመተኛት ብቻ ሆኗል። ካርዷ ለክፉ ቀን ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።

ክፉው ቀን የመጣው ግን በጓደኛው በተድላ ላይ ነው። የሚሠራባት ቫን ሞተሯ ተበላሸ። «በሁለት ሳምንት እመልስልሃለሁ» አለ፤ ሚልክያስም ጋራዡን ከፈለለት። ዓርብ የተድላ ስልክ ተዘግቶ ዋለ።

አምና እንዲሁ ያለ ጉዳይ ተፈጥሮ፣ ሚልክያስ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ፣ ኢየሩስን ሳያማክር ለማንም ገንዘብ እንደማያወጣ ምሎ ነበር።

ኢሜይሉን ሊያጠፋው ሲል ኢየሩስ ከኋላው ቆማ አነበበችው። የመኪና ቁልፏ ከእጇ ወደቀ።

«ተወው» አለች ጎንበስ ብላ እያነሳች። «ይወጣል፣ ይወርዳል።»

«ለምን እንደወረደ ልይልሽ?»

«ምን ያደርጋል? ስድስት ነጥብ እኮ ነው።»

ቀና ብላ ሳታየው ወጣች። እንዲህ ማመኗ አንጀቱን በላው።

ፕሌዘንተን ከተማ፣ ባንክ ውስጥ ለምትሠራው ለአክስቱ ልጅ ለሩቲ ደወለ።

«ክሬዲት ካርድ እስከ ሊሚቱ ሲሞላ ስኮር ይወርዳል እንዴ?»

«በደንብ ነዋ! ግን ባንኩ ሪፖርት የሚያደርገው ወሩ ሲዘጋ ነው። ስንት ወረደ?»

«ስድስት።»

«ስድስትማ ምንም አይደለም። ካርዱ ከሆነ ገና ይወርዳል። ለማንኛውም ሙሉ ሪፖርቱን ቼክ አድርግ።»

ሚልክያስ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ገና ይወርዳል» የሚለውን ብቻ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ነገራት። ተድላን፣ ካርዱን፣ ያፈረሰውን መሐላ፣ አንድም አላስቀረም። እስክትጮህበት ጠበቀ። ኢየሩስ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

«ስኮርሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

«አንተም ይቅር በለኝ።»

እሷ ደግሞ ምን በደለች? ደግነቷ ነው ብሎ ይብስ አፈረ።

ቤት እንደገቡ ላፕቶፑ ላይ ሙሉ የክሬዲት ሪፖርቷን ከፈተ። ጥፋቱን በዓይኗ እንድታየው፣ በስንት ወር እንደሚያስተካክለውም ሊያሰላላት ፈለገ። ኢየሩስ ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ቆመች።

ካርዱ ጋ ሲደርስ ቀሪ ዕዳው ዜሮ ይላል። ባንኩ ገና አላስተላለፈውም።

ሚልክያስ ግራ ገባው። ገጹን ወደ ታች ገፋው። በዚያ ወር የተጨመረ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ድርጅት፣ ማመልከቻ ሲገባለት እንደሚደረገው፣ ክሬዲቷን አጣርቷል፤ ስኮሩን ጥቂት ነጥብ ያወረደውም ይኸው ነው። ድርጅቱ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ አፓርትመንት የሚያከራይ ነው። ያጣራበት ቀን ረቡዕ ይላል፤ እሱ ካርዱን ከመንካቱ አንድ ቀን በፊት።

«ኢየሩስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስቱዲዮ ቤት ነው» አለች። «ለአንድ ሰው።»